ስም ብቻውን ምስክር አይሆንም፦ ከኮምፒውተር ጋር አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች ታሪክና የእኛ ድርሻ

በላሊበላ ከተማ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ርእሴ መጀመሪያ ሲሰማ የጥገና ባለሙያ ጉዳይ ይመስላል። ኮምፒውተራችንን ስንከፍት፣ እኛ ገና ምንም ሳንነካ፣ በርካታ ፕሮግራሞች አብረው ይነሣሉ። ከፊሎቹ ድምፁን፣ ማተሚያውን፣ የግእዝ ፊደል መጻፊያውን የሚያንቀሳቅሱ ናቸው። ከፊሎቹ ግን ባለቤቱ ሳያውቃቸው የገቡ፣ የሚሰርቁና የሚያደምጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን?

የታሪክ ሰው እንደመሆኔ ጥያቄውን የማየው እንደ ምስክርነት ጥያቄ ነው። አንድ ሰነድ ነኝ የሚለውን መሆኑን መመርመር የሙያችን የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ ፕሮግራምም በዚህ ረገድ ከሰነድ አይለይም። ላሳይ የምሻው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ባለፉት አርባ ዓመታት ጎጂው ፕሮግራም ደጋግሞ የሕጋዊውን ስም ለብሶ መጥቷል፤ ስለዚህ መገኛውን፣ ፊርማውን፣ አመጣጡንና ሥራውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከአገራችን ሰዎች የደረሰው ታሪክ እንደሚያስተምረው፣ በውል የተሸጠና በደረሰኝ የተገዛ ፕሮግራም ሁሉ ሕጋዊ አይደለም።

ስለ አቆጣጠር አንድ ቃል ልበል። «ዓ.ም.» ብዬ የጠራሁት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የቀረው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በወንጌሉ ቅጠል ላይ

ከዚሁ ከላስታ ልጀምር። ንጉሥ ላሊበላ ስለ ሰጣቸው የመሬት ስጦታዎች የሚናገሩ ጥንታውያን ሰነዶች፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በሺመዛና ደብረ ሊባኖስ ወንጌለ ወርቅ ተጽፈው ቆይተውናል። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 ለሕትመት አብቅቷቸዋል።

እንደነዚህ ያሉ ሰነዶች በተነጠለ ብራና ላይ ብቻ አይተዉም ነበር። በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ወይም ኅዳግ ላይ ይጻፋሉ። ሰጪው ማን እንደሆነ፣ ተቀባዩ የትኛው ገዳም እንደሆነ፣ በዚያን ጊዜ በየሹመቱ እነማን እንደነበሩ ይዘረዝራሉ፤ ቃሉን የሚያፈርሰውንም ያወግዛሉ። ለምን ይህ ሁሉ ድካም? የንጉሡን ስም ማንም ጸሐፊ ሊጽፈው ስለሚችል ነው። ስሙን የሚያጸናው ሰነዱ ያረፈበት የተጠበቀ ቦታ፣ የምስክሮቹ ዝርዝርና የስጦታው ዝርዝር ይዘት ነው። ይህም ሆኖ ሰነዶች ተገልብጠዋል፣ አንዳንዴም ተጨምሮባቸዋል፤ የታሪክ ተመራማሪ ዛሬም እያንዳንዱን ይመዝናል። እንግዲህ የቀደሙት ሰዎች ምስክርን በአንድ ማኅተም ላይ ብቻ አልጣሉም። የኮምፒውተር ዓለም ይህን የተማረው ዘግይቶና በኪሳራ ነው።

የሁለት ቁጥሮች ማኅተም

የኮምፒውተር አነሣሥ በመሠረቱ የአደራ ሰንሰለት ነው። ኃይል ሲያገኝ በሰሌዳው ላይ የተቀመጠው ትንሽ ፕሮግራም ይነሣል፤ እርሱ ከዲስኩ የመጀመሪያውን ክፍል ያነባል፤ ያ ክፍል ዊንዶውስን ወይም ሌላውን ሥርዓት ይጠራል፤ ሥርዓቱም በተራው የቀሩትን ያስነሣል። ቀድሞ የተነሣው ኋላ የሚነሣውን ያዝዛል። ስለዚህ በሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠ ሌባ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ጠባቂ ሁሉ ሊያታልል ይችላል።

በቀድሞዎቹ የግል ኮምፒውተሮች ይህ የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል 512 ባይት ብቻ ነበር። ማሽኑ ከሃርድ ዲስክ ሲነሣ ክፍሉ ትክክለኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች 85 እና 170 የሚሉትን ቁጥሮች መያዛቸውን በማየት ነበር። ማን ጻፈው ብሎ አይጠይቅም። ሁለቱን ቁጥሮች ግን ማንም ሊጽፋቸው ይችላል። ስም ብቻ አይቶ የሚያስገባ በረኛ ማለት ይህ ነው።

በ1986 በፓኪስታን ላሆር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች የጻፉት «ብሬን» የተሰኘ ቫይረስ የበረኛውን ድክመት በፍሎፒ ዲስክ ላይ አሳየ። ቫይረሱ የዲስኩን እውነተኛ የመነሻ ክፍል ወደ ሌላ ስፍራ ወስዶ ራሱን በቦታው ያስቀምጣል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ቀጥሎ የሚያደርገው ነው፦ ሌላ ፕሮግራም የመነሻውን ክፍል ላንብብ ሲል፣ ቀድሞ የተነሣው ቫይረስ ጥያቄውን ጠልፎ ያንን የተደበቀውን እውነተኛ ክፍል ያሳያል። መርማሪው ያየው እውነተኛ ነው፤ ያዘዘው ግን ሐሰተኛው ነው። በቁጥጥሩ ሥር ያለን ማሽን ስለ ራሱ መጠየቅ የተጠርጣሪን ቃል ብቻ ሰምቶ እንደመፍረድ መሆኑ ያኔ ታወቀ።

የተዋሰ ስም

በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞችን በሁለት ዋና ስፍራዎች አስቀመጠ። አንዱ «ስታርትአፕ» የተባለው ፎልደር ነው፤ ሁለተኛው «ሬጅስትሪ» በተባለው የሥርዓቱ መዝገብ ውስጥ «ራን» የሚባለው ቁልፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ስፍራዎቹ እየበዙ ሄዱ፦ አገልግሎቶች፣ በሰዓት የሚቀጠሩ ተግባራት፣ የሃርድዌር ነጂዎች፣ የኢንተርኔት ማሰሻ ቅጥያዎች። በር ሲበዛ በረኛ ያንሳል።

በግንቦት 2000 ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ትል የመጣው በኢሜይል የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ነበር። የፋይሉ ስም የተራ ጽሑፍ ይመስላል፤ ፕሮግራም መሆኑን የሚገልጸውን የመጨረሻውን ቅጥያ ዊንዶውስ በልማድ ይደብቀው ነበር። ከገባ በኋላ በሬጅስትሪው ውስጥ «ኤምኤስ ከርነል 32» እና «ዊን 32 ዲኤልኤል» በሚሉ ስሞች ራሱን መዘገበ። እንዲህ ዓይነት ስም ያየ ተራ ተጠቃሚ የሥርዓቱ ዋና ክፍል ነው ብሎ ይተወዋል። «ኤስቪሲ ሆስት» የተባለውን እውነተኛ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሁለት ፊደል አቀያይረው «ኤስሲቪ ሆስት» የሚል ስም የያዙ ጎጂ ፕሮግራሞችም በኋላ ተከትለዋል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። የፕሮግራምን ስም ግን የሚያወጣው ጸሐፊው ነው፤ ጸሐፊውም ሊዋሽ ይችላል።

ፍላሽና ደጋው

በኅዳር 2008 የተገኘው «ኮንፊከር» የተባለው ትል ከሚሰራጭባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ዲስክ ነበር። ፍላሹ ሲሰካ ዊንዶውስ በራሱ የሚያነበውን የመመሪያ ፋይል ተጠቀመ። በሚወጣው የምርጫ ሳጥን ውስጥ የፎልደር ምስል ለብሶ «ፋይሎችን ለማየት ፎልደሩን ክፈት» የሚል ግብዣ ያቀርባል፤ የሚጫነው ሰው ፎልደር የከፈተ ይመስለዋል፤ ያስነሣው ግን ትሉን ነው። ማይክሮሶፍት በቀድሞዎቹ የዊንዶውስ ዓይነቶች ላይ ይህን በፍላሽ በራስ የመነሣት ልማድ ያስቀረው በየካቲት 2011 ባወጣው ማሻሻያ ነው።

በሌላው ዓለም የፍላሽ ትል ታሪክ ወደ ኋላ የተተወ ምዕራፍ ይመስላል። እዚህ ደጋ ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ላሊበላ ሲደርስ ኤሌክትሪክና ስልክ ተቋርጠዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለረጅም ወራት ቆይቷል። ኢንተርኔት ሲዘጋ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይሆናሉ። ኮምፒውተሩ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም፤ ሰውም ፋይሉን ሁሉ በፍላሽ ማዘዋወር ይጀምራል። በሩ የሚያረጅበትና መንገደኛ የሚበዛበት ወቅት አንድ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ በላስታ ላለ ተማሪ ይህ ታሪክ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ወይም አንድ ደብር የቅርሶቹን ፎቶግራፍ የያዘበትን ብቸኛ ቅጂ፣ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ላይ ያስቀመጠ ሁሉ አደጋው ይመለከተዋል።

አራቱ ጥያቄዎች

እንግዲህ በምን እንለይ? ማርክ ሩሲኖቪችና ብራይስ ኮግስዌል «ኦቶራንስ» የተባለ መመርመሪያ ሠሩ፤ ከ2006 ጀምሮ ማይክሮሶፍት በነፃ ያቀርበዋል። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነሣውን ነገር ሁሉ ከየበሩ ሰብስቦ በአንድ ዝርዝር ያሳያል። በዊንዶውስ 8 እና ከዚያ በኋላ በወጡት ደግሞ በ«ታስክ ማኔጀር» ውስጥ ያለው የ«ስታርትአፕ» ገጽ አጠር ያለውን ዝርዝር ይሰጣል። ዝርዝሩ በእጃችን ሲገባ ለእያንዳንዱ ስም አራት ጥያቄ እናቅርብ።

የመጀመሪያው፦ የት ይኖራል? እውነተኛው «ኤስቪሲ ሆስት» የሚኖረው በዊንዶውስ የሥርዓት ፎልደር ውስጥ ነው። ያው ስም በተጠቃሚው ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ከተገኘ፣ የንጉሥ ስጦታ ነኝ የሚል ብራና ከወንጌሉ ውጭ በገበያ እንደተገኘ ያህል ያጠራጥራል።

ሁለተኛው፦ ማን ፈረመው? ዲጂታል ፊርማ ፋይሉ ከተፈረመ በኋላ እንዳልተለወጠና ፈራሚው ማን እንደሆነ ይመሰክራል። ሆኖም ይህም ምስክር ብቻውን አይበቃም። በ2010 የተገኘው «ስታክስኔት» ከሁለት ታዋቂ የታይዋን ኩባንያዎች በተሰረቁ ቁልፎች የተፈረሙ ነጂዎችን ይዞ ነበር። በአንጻሩም ፊርማ የሌለው ሁሉ ጎጂ አይደለም፤ የፊርማ ሰርተፍኬት ለመግዛት አቅም የሌለው አገር ውስጥ ያለ ወጣት የሚጽፈው ጠቃሚ ፕሮግራም ሳይፈረም ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛው፦ በማን በኩል መጣ? የአማርኛ መጻፊያችንን ምሳሌ እንውሰድ። «ፓወር ግእዝ» የሚል ስም ያለው ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ ጋር ቢነሣ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ግን ከአሳታሚው የተገኘ ነው ወይስ አሥር እጅ በዞረ ፍላሽ የተቀዳ? ስሙ አንድ ቢሆንም የመጣበት መንገድ ካልታወቀ ምስክርነቱ ይጎድላል።

አራተኛው፦ ምን ይሠራል? የማተሚያ ፕሮግራም ሌሊት ወደ ሩቅ አገር መረጃ የሚልክበት ምክንያት የለውም። ሥራው ከስሙ ጋር ካልተስማማ ሥራውን እንመን።

ከአራቱ አንዱ ብቻውን አይፈርድም። አራቱ ሲስማሙ ግን እንደ ምስክሮች ጉባኤ ናቸው። የ«ብሬን»ንም ትምህርት አንርሳ፦ ብርቱ ጥርጣሬ ካለ ዲስኩን በሌላ ንጹሕ ማሽን መመርመር ይገባል።

ኢትዮጵያውያን በምርመራው ማዕከል

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሌባና ስለ ቀልደኛ ነው። ከ2012 ወዲህ ያለው ታሪክ ግን ኢትዮጵያውያንን በዓለም አቀፉ ክርክር መካከል አስቀመጣቸው።

በመጋቢት 2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው «ሲቲዝን ላብ» «ፊንስፓይ» የተባለው የስለላ ፕሮግራም የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፎች ማጥመጃ አድርጎ እንደተሰራጨ፣ የሚያዝዘውም ሰርቨር በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ እንደሚገኝ አስታወቀ። በዚያው ጊዜ በሜሪላንድ ግዛት የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተሩ በዚሁ ፕሮግራም ተይዞ እንደነበር ተገነዘበ። «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም በየካቲት 2014 ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው፣ ፕሮግራሙ የገባው ከኢሜይል ጋር በተያያዘ የዎርድ ሰነድ ሲሆን፣ ለወራት የስካይፕ ንግግሮቹንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ቀድቷል፤ ልጁ ለትምህርት ቤት የታሪክ ሥራ ያደረገው ፍለጋ ሳይቀር።

በታኅሣሥ 20 ቀን 2013 ደግሞ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ በኢሳት ሠራተኞች ላይ ሦስት ሙከራዎች ተደረጉ። ለኢሳት የተላከ መጣጥፍ የሚመስል ፋይል ነበር፤ የፒዲኤፍ መልክ ለብሶ ውስጡ ፕሮግራም ነው። ሲቲዝን ላብ የጣሊያኑ «ሃኪንግ ቲም» ምርት መሆኑን በየካቲት 2014 ገለጸ። የኢትዮጵያ መንግሥት ክሱን አስተባበለ። በሐምሌ 2015 ግን የኩባንያው የራሱ ሰነዶች፣ ወደ 400 ጊጋባይት የሚሆኑ፣ አፈትልከው ወጡ፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲም ከደንበኞቹ መካከል ታየ።

ከእነዚያው ሰነዶች ውስጥ ለርእሳችን እጅግ የሚቀርብ ነገር ተገኘ። ኩባንያው በኮምፒውተሩ ሰሌዳ ላይ በሚገኘው የመነሻ ፕሮግራም ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ ሠርቶ ነበር። መሣሪያው ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር የስለላው ፕሮግራም መኖሩን ይመለከታል፤ ከጠፋ መልሶ ይተክለዋል። ዊንዶውስን እንደገና መጫን፣ ሃርድ ዲስኩን መለወጥ እንኳ አያጠፋውም። መሣሪያው በኢትዮጵያውያን ላይ ዋለ የሚል ማስረጃ አላቀርብም፤ የዋጋ ተመን ያለው ንግድ እስከ ሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት መድረሱን ግን ያሳያል።

በታኅሣሥ 2017 ሦስተኛው ዘገባ ወጣ። የእስራኤሉ «ሳይበርቢት» ምርት በውጭ አገር በሚኖሩ የተቃውሞ ድምፆች፣ በተለይም በኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ ላይ ተሞክሮ ነበር። የለበሰው ልብስ «የአዶቢ ፍላሽ ማሻሻያ» ወይም «የፒዲኤፍ ፕለጊን» የሚል ነው። ልብ በሉ፦ የተመረጠው ስም ተጠቃሚው በየጊዜው እንዲያድስ የሚመከረው የፕሮግራም ስም ነው። አጥማጁ ያጠመደው የሰውን ጥንቃቄ ራሱን ነበር።

ሕጋዊ ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ አራቱ ጥያቄዎቻችን አንድ ችግር ይገጥማቸዋል። እነዚህ ፕሮግራሞች ሻጭ፣ ውልና የሽያጭ ሰነድ ነበራቸው። ሻጮቹ ለመንግሥታት ብቻ በሕግ መሠረት እንሸጣለን ይሉ ነበር። ታዲያ ጎጂ ናቸው ወይስ ሕጋዊ?

የኪዳኔ ክስ ይህን ጥያቄ ፍርድ ቤት አድርሶት ነበር። የዋሽንግተኑ የይግባኝ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 መዝገቡን ዘጋው። ምክንያቱም ስለላው መፈጸም አለመፈጸሙ አልነበረም፤ ድርጊቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአሜሪካ ምድር ስላልተከናወነ የውጭ መንግሥት የመከሰስ ከለላው አይነሣም የሚል ነው። የተሰማው ሰው ሜሪላንድ ነው፤ አዛዡ ባሕር ማዶ ነው፤ ፍትሕም በሁለቱ መካከል ቀረ።

የራሳችን ሕግ መልስ አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረጉ ግንኙነቶችን ያስከብራል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር መግባትንና ግንኙነትን መጥለፍን ወንጀል ያደርጋል፤ ለምርመራ ሲባል የሚደረግ ጠለፋም በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። በቅርቡም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታክሏል። ስለዚህ በአገራችን የሕግ ቋንቋ ስንናገር፣ ሕጋዊነት የሚመነጨው ከሻጩ ደረሰኝ አይደለም። የሚመነጨው ከባለቤቱ ፈቃድ ወይም ከዳኛ ትእዛዝ ነው። አምስተኛው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ማን ፈቀደለት? አራቱን ባለሙያ ይመልሳቸው ይሆናል፤ አምስተኛውን የሚመልሱት ዜጋና ፍርድ ቤት ናቸው። የጥያቄውም ክብደት ከማሽኑ ይበልጣል፤ የጋዜጠኛ ኮምፒውተር ሲደመጥ በመጀመሪያ የሚጋለጡት ለእርሱ አምነው የተናገሩት ሰዎች ናቸውና።

መዝገብ እንያዝ

ለማጠቃለል አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በአድባራታችን የንዋየ ቅድሳት መዝገብ አለ። ዕቃ ቤቱን የሚረከብ አገልጋይ ቁልፍ ብቻ አይቀበልም፤ መስቀሉን፣ ጽናጽሉን፣ መጻሕፍቱን በዝርዝር እያየ ይረከባል። መዝገቡ ከሌለ የጎደለውም የተጨመረውም አይታወቅም።

በቤተ ሙከራዎቻችን፣ በቤተ መጻሕፍታችን፣ ቅርስ በሚመዘገብባቸው ኮምፒውተሮች ላይም እንዲሁ ይሁን። ማሽኑ አዲስ ሳለና ንጹሕ መሆኑ ሲታመን፣ አብረውት የሚነሡ ፕሮግራሞች ዝርዝር ተጽፎ ከማሽኑ ውጭ ይቀመጥ፦ ስሙ፣ መገኛው፣ ፈራሚው፣ ማን እንደጫነው፣ በማን ፈቃድ እንደተጫነ። በየመንፈቁ ዝርዝሩ ከማሽኑ ጋር ይመሳከር። በመዝገቡ የሌለ ስም ሲገኝ ወዲያው አይሰረዝ፤ መጀመሪያ ይጠየቅ፣ ይመዝገብ፣ ከዚያ ይወሰን፤ በችኮላ የተሰረዘ ማስረጃ ለዳኛም ለታሪክም አይመለስምና። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይቻላል። አንድ ደብተርና በየስድስት ወሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።